ለኮከብ ወርዋሪ ረጅም ውል ወይስ አጭር? የቤዝቦል ክለቦች አማራጮች ሲነጻጸሩ

በዲሴምበር 2019 ሦስት የአሜሪካ ቤዝቦል ክለቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሦስት ኳስ ወርዋሪዎች፣ ማለትም ለተቃራኒ ቡድን መቺዎች ኳሱን ለሚወረውሩ ተጫዋቾች፣ በድምሩ 687 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ፊላዴልፊያ ፊሊስ ዛክ ዊለርን በ5 ዓመት 118 ሚሊዮን፣ ዋሽንግተን ናሽናልስ ስቲቨን ስትራስበርግን በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን፣ ኒውዮርክ ያንኪስ ጌሪት ኮልን በ9 ዓመት 324 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱ። ወሩ ሳያልቅ አሪዞና ዳይመንድባክስ ለማዲሰን ባምጋርነር 5 ዓመትና 85 ሚሊዮን፣ ቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ደግሞ ለደቡብ ኮሪያዊው ሪዩ ህዩን ጂን 4 ዓመትና 80 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምስቱም በሙያቸው አንቱ የተባሉ ነበሩ። ውጤታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። ስትራስበርግ ከፈረመ በኋላ ጨዋታ የጀመረው፣ ማለትም ከመጀመሪያው ኳስ አንስቶ የወረወረው፣ 8 ጊዜ ብቻ ነው። ገንዘቡ ለእነዚያ ጨዋታዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይደርሳል። ባምጋርነርን ክለቡ በኤፕሪል 2023 ውሉ ሳያልቅ አሰናበተው፤ በቤዝቦል ውል ዋስትና ያለው ስለሆነ ግን ቀሪው ደመወዝ አብሮ አልተሰናበተም። ሪዩ በመጀመሪያው ዓመት ለሳይ ያንግ ሽልማት በተሰጠው ድምፅ ሦስተኛ ሆነ፤ ይህ ሽልማት በሁለቱ ሊጎች፣ በአሜሪካን ሊግና በናሽናል ሊግ፣ ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጥ ነው። በ2022 ግን ክርኑ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ኮል በ2023 ይህንኑ ሽልማት በሙሉ ድምፅ ወሰደ፤ በ2025 እሱም ክርኑን ታክሞ ዓመቱን ሙሉ ከሜዳ ራቀ። ከእነዚህ አምስት ውሎች ሁሉ ክለቡ ያለ ምንም ማቅማማት አተረፍኩ ሊል የሚችለው በዊለር ነው። በውሉ 5 ዓመታት ሁለት ጊዜ፣ በ2021 እና በ2024፣ የሽልማቱ ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል፤ በ2022 ደግሞ ቡድኑ ለዋንጫው ፍጻሜ ለወርልድ ሲሪየስ ደርሷል።

ለኮከብ ወርዋሪ ረጅምና ከባድ ውል መስጠት ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክር በየዓመቱ የዝውውር ወቅት ሲከፈት ይነሳል። ክርክሩ መቋጫ ያጣው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ላይ ስለሚቦኩ ይመስለኛል። አንደኛው ተጫዋቹ ገንዘቡ ይገባዋል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ለዚህ ክለብ፣ በዚህ ዓመት፣ ለዚህ ክንድ መክፈል ያዋጣል ወይ የሚል ነው። ለመጀመሪያው መልሴ አዎ ነው። ሁለተኛው ግን ከክለብ ክለብ ይለያያል፤ ይህ መመሪያም በዋናነት እሱን የሚመለከት ነው።

ገንዘቡ ይገባቸዋል

ተጫዋቾች በነጻ ገበያ የመደራደር መብት ያገኙት በወርዋሪዎች ትግል ነው። ከ1975 በፊት አንድ ክለብ የተጫዋቹን ውል በየዓመቱ በራሱ ፈቃድ እያደሰ ዕድሜ ልኩን ይዞት መቆየት ይችል ነበር። አንዲ ሜሰርስሚዝ እና ዴቭ ማክናሊ የተባሉ ሁለት ወርዋሪዎች አዲስ ውል ሳይፈርሙ በ1975 የውድድር ዘመን ገቡ፤ በዓመቱ መጨረሻ ነጻ ነን ብለው አቤት አሉ። ገላጋይ ዳኛው ፒተር ሳይትስ በዲሴምበር 1975 ፈረደላቸው። የዛሬዎቹ መቶ ሚሊዮኖች ሁሉ መነሻቸው ያ ውሳኔ ነው።

መብቱ ግን ወዲያው አይገኝም። አንድ ተጫዋች ነጻ ለመሆን በዋናው ሊግ 6 ዓመት ማገልገል አለበት። ከዚህ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ የሚያገኘው ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም የማይርቅ ነው፤ ዝቅተኛው በ2025 760,000 ዶላር ነበር። የፒትስበርግ ፓይሬትሱ ፖል ስኪንስ በ2025 በናሽናል ሊግ የሳይ ያንግን ሽልማት ሲወስድ ደመወዙ 875,000 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ጄኮብ ዲግሮም በአማካይ 37 ሚሊዮን ዶላር በሚያስገኝ ውል ላይ ነበር። ለአንድ ተራ ሠራተኛ 875,000 ዶላር ትልቅ ሀብት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ስታዲየም የሚሞላው፣ የቴሌቪዥን ተመልካች የሚሰበስበው ወጣቱ ወርዋሪ ያመጣው ገንዘብ የት ይሄዳል? ወደ ባለቤቱ ኪስ ነው። ስለዚህ በ29 እና በ30 ዓመቱ የሚፈርመው ውል በከፊል ያለፈው አገልግሎቱ ዋጋ ነው። ይህን ሳያነሱ ወርዋሪን ስግብግብ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ወርዋሪ የሚጫወተው በየአምስት ቀኑ አንድ ጊዜ ስለሆነ ከመቺው ያነሰ ሊከፈለው ይገባል የሚሉም አሉ። ከ162 ጨዋታዎች ውስጥ 32 ያህሉን ብቻ እንደሚጀምር እውነት ነው። ነገር ግን በነዚያ 32 ጨዋታዎች በየጊዜው 25 መቺ ቢገጥም በዓመት 800 ጊዜ ያህል የጨዋታውን ዕጣ የሚወስነው እሱ ነው። ሁልጊዜ የሚሰለፍ መቺ በዓመት ለመምታት የሚቆመው 700 ጊዜ ገደማ ነው። ወደ መጨረሻው ውድድር ሲደረስ ደግሞ የወርዋሪው ድርሻ ይብሳል። በ2025 ወርልድ ሲሪየስ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቶሮንቶን ካሸነፈባቸው 4 ጨዋታዎች 3ቱን ያሸነፈው ዮሺኖቡ ያማሞቶ ነው፤ በቤዝቦል ድልና ሽንፈት በወርዋሪውም ስም ይመዘገባል። ሁለተኛውን ጨዋታ ብቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወረወረ። ስድስተኛውን ጀምሮ ከጨዋታው 9 ዙሮች (ኢኒንጎች) 6ቱን ወረወረ። በማግስቱ በሰባተኛው ተመልሶ ገብቶ ዋንጫው የተወሰነበትን የመጨረሻ ኳስ የወረወረውም እሱ ነው። አንድ መቺ ይህን ያህል ጨዋታ በእጁ ሊይዝ አይችልም።

ክንዱ ግን ይበጠሳል

ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። ኳስ በሰዓት 155 ወይም 160 ኪሎ ሜትር ሲወረወር ክርን ውስጥ ያለች አንዲት አጭር ጅማት ጫናውን ትሸከማለች። ይህች ጅማት ስትበጠስ ሐኪሞች ከራሱ ከተጫዋቹ ሰውነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእጅ ወይም ከእግር፣ ሌላ ጅማት ወስደው ይተኩለታል። ቀዶ ሕክምናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረጉት ዶክተር ፍራንክ ጆብ ናቸው፤ በሴፕቴምበር 1974፣ ለዶጀርሱ ወርዋሪ ለቶሚ ጆን። ቶሚ ጆን ተመልሶ እስከ 1989 ስለተጫወተ ሕክምናው በስሙ ይጠራል። ዛሬ ከዚህ ሕክምና ተነስቶ ወደ ሜዳ ለመመለስ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። በ7 ዓመት ውል ላይ አንድ እንዲህ ያለ ጉዳት ብቻ ከገንዘቡ አንድ አምስተኛውን ያህል ያለ ጨዋታ ይበላል።

ትከሻ ደግሞ ከክርን የከፋ ነው። ስትራስበርግን ከሜዳ ያስወጣው አንገትና ትከሻ መካከል ያሉ ነርቮች ሲጨፈለቁ የሚመጣ ሕመም ነው፤ በ2021 ቢታከምም አልዳነም። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ራሱ በዲሴምበር 2024 ባወጣው ጥናት የወርዋሪዎችን ጉዳት ካባባሱት ምክንያቶች ግንባር ቀደሞቹ የፍጥነት ጥማትና በእያንዳንዱ ኳስ ሙሉ ኃይልን መጠቀም መሆናቸውን ገልጿል። እንግዲህ ገበያው ትልቁን ገንዘብ የሚከፍለው ለፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ ክንዱን ይሰብራል።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። መቺም ይሰበራል። ስትራስበርግ በፈረመበት በዚያው ሳምንት የቡድን ጓደኛው አንተኒ ሬንዶን ከሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ጋር ልክ አንድ ዓይነት ውል ፈረመ፤ 7 ዓመት፣ 245 ሚሊዮን ዶላር። ከጉዳት ጉዳት እየተዛወረ በአንድም የውድድር ዘመን 60 ጨዋታ አልሞላም። ረጅም ውል ሁሉ ዕጣ ነው፤ የወርዋሪው ዕጣ ግን የበለጠ ያስፈራል።

ዋሽንግተን፦ ሦስት ውሎች፣ አንድ ዋንጫ

የአንድ ክለብ ታሪክ በቅርብ ሲታይ ከብዙ ሰንጠረዥ ይበልጣል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን የከተማቸውን ቡድን የናሽናልስን መውጣትና መውደቅ በዓይናቸው አይተዋል። ክለቡ ለሦስት ወርዋሪዎች ከፍተኛ ገንዘብ አፍስሷል።

የመጀመሪያው ማክስ ሸርዘር ነው። በጃንዋሪ 2015 በ30 ዓመቱ 7 ዓመትና 210 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ በፊት ዲትሮይት ታይገርስ ያቀረበለትን 6 ዓመትና 144 ሚሊዮን አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ብዙ ሰው አበድክ ወይ እስኪለው ድረስ። በዋሽንግተን በ2016 እና በ2017 የሳይ ያንግን ሽልማት አከታትሎ ወሰደ፣ በ2018 ደግሞ 300 መቺዎችን በስትራይክ፣ ማለትም ኳሱን በአግባቡ ሳይመቱ፣ አሰናበተ። ይህ ለወርዋሪ ከተሰጡ ረጅም ውሎች ሁሉ ምርጡ ነው ብል ብዙ ተቃዋሚ የሚኖረኝ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ፓትሪክ ኮርቢን ነው፤ በዲሴምበር 2018 ለ6 ዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር። በመጀመሪያው ዓመት 14 ጨዋታ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ያሳዝናል፤ በ2021 16 ጊዜ፣ በ2022 19 ጊዜ ተሸነፈ።

ሦስተኛው ስትራስበርግ ነው። ክለቡ ከኮሌጅ መርጦ ያሳደገው፣ በ2010 ክርኑን ያሳከመው፣ በ2012 ቡድኑ ለዋንጫ ሲገሰግስ ክንዱ እንዳይጎዳ ብሎ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ያሳረፈው ልጅ ነው። እንደ ስትራስበርግ የተጠነቀቁለት ወርዋሪ ጥቂት ነው።

አሁን የ2019ን ወርልድ ሲሪየስ የመጨረሻ ሁለት ጨዋታዎች እንመልከት። ናሽናልስ በሂውስተን ሜዳ 3 ለ 2 እየተመራ ነው፤ አንድ ጨዋታ ከተሸነፈ አለቀለት። ስድስተኛውን ጨዋታ ስትራስበርግ ጀምሮ እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ ድረስ ወረወረና አሸነፈ። ሰባተኛውን ሸርዘር ጀመረ፤ ከሦስት ቀን በፊት አንገቱ ደርቆበት ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው 5 ኢኒንግ ተጋድሎ ሁለት ነጥብ ብቻ ተቆጠረበት። ከዚያ ኮርቢን ተተክቶ ገባ፤ ሦስት ኢኒንግ ምንም ሳይቆጠርበት ወረወረ፤ ድሉም በስሙ ተመዘገበ። 6 ለ 2። ክለቡ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ፤ ስትራስበርግም የውድድሩ ኮከብ ተባለ።

የኮርቢን 140 ሚሊዮን ባከነ ማለት የሚቻለው ያቺን ማታ ከሒሳቡ ማውጣት ከተቻለ ብቻ ነው። እኔ አላወጣትም። ስለዚህ ከሦስቱ ሁለቱን ውሎች ክለቡ ባለፈው ነገር ላይ ተመሥርቶ እንኳ ደግሞ ቢፈርማቸው አይፈረድበትም። የስትራስበርግ የ2019 ውል ግን ከዋንጫው በኋላ የመጣ ነው። ለሚመጣው ድል ሳይሆን ላለፈው ድል የተከፈለ የምስጋና ገንዘብ ነበር፤ ምስጋናው ደግሞ በጣም ተወደደ። ከዚያ ዋንጫ በኋላ እስከ 2025 ድረስ ናሽናልስ ካሸነፈው በላይ ያልተሸነፈበት አንድም ዓመት የለም፤ በ2022 ሁዋን ሶቶን የመሰለ ወጣት መቺም ለሳን ዲዬጎ አሳልፎ ሰጥቷል።

አማራጮቹ

*ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ።* ከናሽናልስ ውጪም ምሳሌው ብዙ ነው። ሲሲ ሳባቲያ በ28 ዓመቱ በ161 ሚሊዮን ዶላር ወደ ያንኪስ መጥቶ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2009፣ ዋንጫ አስገኘ። ዴቪድ ፕራይስ በ217 ሚሊዮን ወደ ቦስተን ሄዶ በ2018 ዋንጫ አነሳ፤ በ2020 ግን ክለቡ ለዶጀርስ አሳልፎ ሲሰጠው ከቀሪ ደመወዙ ግማሹን ራሱ ለመክፈል ተገደደ። በሌላው ወገን ማይክ ሃምፕተን አለ። ኮሎራዶ በ2000 መጨረሻ 8 ዓመትና 121 ሚሊዮን ዶላር ሰጠው፤ በዴንቨር ከፍታ ላይ ኳሱ እንደ ልቡ አልታጠፍ አለውና ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ ተሸጠ። ባሪ ዚቶ 7 ዓመትና 126 ሚሊዮን ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር ፈርሞ ካሸነፈው ይልቅ የተሸነፈው በዛ፤ በ2010 ቡድኑ ዋንጫ ሲያነሳ እሱ በስም ዝርዝሩ እንኳ አልነበረም። በ2012 ግን ቡድኑ ከውድድር ሊወጣ ጫፍ በደረሰበት ጨዋታ ሴንት ሉዊስን አቁሞ፣ ቀጥሎም የወርልድ ሲሪየስን የመጀመሪያ ጨዋታ አሸንፎ ውለታውን ከፈለ። ረጅም ውል እንዲህ ነው፤ መቼ እንደሚከፍል አይታወቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚከፍለው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዓመታት ነው። የቀሩት ዓመታት ለእነዚህ የሚከፈል ዋጋ ናቸው።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ዕድሜ። ያማሞቶ ከጃፓን ሲመጣ 25 ዓመቱ ነበር። ዶጀርስ 12 ዓመትና 325 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጠው ሰው ሁሉ ተገረመ፤ ነገር ግን የውሉ የመጀመሪያ አምስት ዓመታት ሌሎቹ ገና ነጻ በሚወጡበት ዕድሜ ያልቃሉ። ሌላው ክለብ የወርዋሪውን ማምሻ ሲገዛ ዶጀርስ ረፋዱን ገዛ።

*አራትና አምስት ዓመት።* የዊለር ውል ምሳሌው ነው፤ በ2016 ቺካጎ ከብስን ለዋንጫ ያበቃው የጆን ሌስተር ውልም በ6 ዓመት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ብዙ ሰው ይህን መካከለኛ መንገድ ከአደጋ የራቀ አድርጎ ይቆጥረዋል። አይደለም። ቴክሳስ ሬንጀርስ በ34 ዓመቱ ለነበረው ዲግሮም 5 ዓመትና 185 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ በ2023 ስድስት ጨዋታ ጀምሮ ክርኑ ተበጠሰ። ሬንጀርስ በዚያው ዓመት ያለ እሱ ዋንጫ አነሳ። በ2025 ተመልሶ 30 ጨዋታ ጀመረ፤ ክንዱም የድሮው ክንድ ሆኖ ተገኘ። የዓመቱ ቁጥር ማነስ ብቻውን አያድንም፤ ዕድሜና የቀድሞ ጉዳት አብረው መታየት አለባቸው።

*አጭርና ውድ።* ኒውዮርክ ሜትስ ለሸርዘር 3 ዓመትና 130 ሚሊዮን፣ ለጀስቲን ቨርላንደር 2 ዓመትና 86.7 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ሁለቱም አርባ ዓመት የሞላቸው ወይም የተቃረቡ ነበሩ። በ2023 ቡድኑ ሳይሳካለት ሲቀር ክለቡ ሁለቱንም በዝውውሩ መዝጊያ ላይ ሸጦ ወጣት ተጫዋቾች አገኘ፤ ከደመወዛቸው አብዛኛውን ግን ራሱ ሸፈነ። ኪሱ ጥልቅ ለሆነ ባለቤት ይህ መንገድ ጥሩ ነው፤ ስሕተቱ በሁለት ዓመት ያልቃል። እጅ አጠር ክለብ ግን ሊያስበውም አይችልም።

*በጊዜ ማስፈረም።* ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው። አትላንታ ብሬቭስ ስፔንሰር ስትራይደርን በኦክቶበር 2022፣ በ23 ዓመቱ፣ 6 ዓመትና 75 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በ2023 ስትራይደር 20 ጨዋታ አሸነፈ፤ በ2024 ሁለት ጨዋታ እንደጀመረ ክርኑ ተጎዳ። ጉዳቱ አልቀረም፤ የክለቡ ኪሳራ ግን ከስትራስበርግ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ተጫዋቹም ክንዱ ሳይሰበር በፊት ቤተሰቡን ለዘለዓለም የሚያኖር ገንዘብ በእጁ አስገብቷል። ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ የተወበት ውል ነው።

*ሸጦ በሌላ መተካት።* ታምፓ ቤይ ሬይስ ዴቪድ ፕራይስን በ2014፣ ብሌክ ስኔልን በ2020፣ ታይለር ግላስናውን በ2023 ነጻ ከመሆናቸው በፊት አሳልፎ ሰጠ። በአነስተኛ በጀት ሁለት ጊዜ፣ በ2008 እና በ2020፣ ወርልድ ሲሪየስ ደርሷል። ዋንጫ ግን አላነሳም። ደጋፊው አንድ ወርዋሪ ለምዶ ስሙን ማሊያ ላይ ባስጻፈ ማግስት ይሸጥበታል። ይህን የደጋፊ ቅሬታ በሒሳብ ማሽን መመለስ አይቻልም፤ ቅሬታውም እውነተኛ ነው።

በውሉ ውስጥ ምን ተጽፏል

የዓመቱና የገንዘቡ ቁጥር ብቻ አይበቃም። ሦስት አንቀጾች የውሉን ትርጉም ይቀይራሉ።

በጣም የሚከብደው ተጫዋቹ በመካከል ውሉን ትቶ የመውጣት መብት ነው። በወረቀት ላይ ለክለቡ መጥፎ ይመስላል፤ ጥሩ ከሆነ ይሄዳል፣ ከተጎዳ ይቆያል። ነገር ግን ዛክ ግሬንኪን እንይ። በ2012 መጨረሻ ከዶጀርስ ጋር 6 ዓመትና 147 ሚሊዮን ፈረመ። በ2015 በ9 ኢኒንግ የሚቆጠርበት አማካይ 1.66 ብቻ ሆኖ ዓመቱን ጨረሰ፤ የመውጫ መብቱን ተጠቅሞም ወደ አሪዞና በ6 ዓመትና በ206.5 ሚሊዮን ሄደ። ዶጀርስ ምርጡን ሦስት ዓመት አግኝቶ የእርጅናውን ዘመን ለሌላ አስረከበ። ስትራስበርግም በ2019 ይህንኑ በር ከፈተ፤ የቀረው 4 ዓመትና 100 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ናሽናልስ እንዲሄድ ከመፍቀድ ይልቅ 245 ሚሊዮን ሰጥቶ መለሰው። በ2024 ኮል መውጣት እንደሚፈልግ ሲያሳውቅ ያንኪስ ተጨማሪ ዓመት አልሰጥም አለ፤ ኮልም በነበረው ውል ቀጠለ። ከአራት ወር በኋላ ክርኑ ታከመ። ያንኪስ አንድ ዓመትና 36 ሚሊዮን ዶላር የዳነው በዚያች አንዲት እምቢታ ነው። ወርዋሪ በራሱ ፈቃድ በሩን ሲከፍት ክለቡ ከኋላ መጎተት የለበትም።

ሁለተኛው ዘግይቶ የሚከፈል ገንዘብ ነው። የሸርዘር 210 ሚሊዮን ግማሹ ከ2022 እስከ 2028 በዓመት 15 ሚሊዮን እየሆነ የሚከፈል ነው። ሸርዘር ለሌላ ክለብ ሲወረውር ዋሽንግተን ይከፍለዋል። ለክለቡ ገንዘቡ ዛሬ ካለው ዋጋ ያነሰ ስለሚሆን ይቀለዋል፤ ነገር ግን ዕዳው ለሚቀጥለው ትውልድ ቡድን ይተላለፋል።

ሦስተኛው ግብር ነው። በቤዝቦል የደመወዝ ጣሪያ ባይኖርም የክለቡ ደመወዝ ድምር ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የቅንጦት ግብር ይከፈላል፤ በ2025 መጠኑ 241 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የሚቆጠረው በውሉ ዓመታዊ አማካይ ነው። ያማሞቶ 325 ሚሊዮኑ በ12 ዓመት ስለተበተነ በዓመት 27 ሚሊዮን ያህል ብቻ ይቆጠራል፤ በ7 ዓመት ቢሆን ኖሮ ከ46 ሚሊዮን ያልፍ ነበር። አንዳንድ ክለቦች ውል የሚያስረዝሙት ወርዋሪው እስከ 37 ዓመቱ ይበረታል ብለው አምነው ሳይሆን ለዚህ ነው።

የትኛው ክለብ የትኛውን ይምረጥ

ቡድኑ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ዋንጫ ሊያነሳ የሚችል ከሆነና የጎደለው አንድ ታላቅ ወርዋሪ ብቻ ከሆነ ረጅሙን ውል ይፈርም፤ መጨረሻው እንደሚመርም ዛሬውኑ ይወቅ። ያንኪስ በዲሴምበር 2024 ለማክስ ፍሪድ 8 ዓመትና 218 ሚሊዮን ሲሰጥ በዚህ መንፈስ ነበር፤ ፍሪድም በመጀመሪያው ዓመት 19 ጨዋታ አሸንፏል። በዚያው ወር አሪዞና ለኮርቢን በርንስ 6 ዓመትና 210 ሚሊዮን ሰጠ፤ በርንስ በጁን 2025 ክርኑን ታከመ። የሁለቱ ዕድሜ እኩል ነበር፤ 30። ቀድሞ ክርኑን ታክሞ የነበረው እንዲያውም ፍሪድ ነው። ማንም ይህን አስቀድሞ ማየት አይችልም፤ ለዚህ ነው ጥያቄው ክለቡ ጉዳቱን የመሸከም አቅም አለው ወይ የሚለው የሆነው። ያንኪስ የኮልን የ2025 አለመኖር ተሸክሞ ለዋንጫ ወደሚደረገው የመጨረሻ ውድድር አልፏል። መካከለኛ ገቢ ያለው ክለብ ግን ከደመወዙ አንድ ስድስተኛውን አንድ የታመመ ክንድ ሲይዝበት ሌላ ሰው ማምጫ የለውም።

እየተገነባ ያለ ቡድን ትልቅ ወርዋሪ ለማስፈረም መቸኮል የለበትም፤ ቡድኑ ሲደርስ ወርዋሪው አልፎበታል። እንዲህ ያለ ክለብ የራሱን ወጣት በጊዜ ያስፈርም።

ከወርዋሪው በኩል ደግሞ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ዕድሜው 30 አልፏል ወይ? ትከሻው ተነክቶ ያውቃል ወይ? ያለ ፍጥነት መወርወር ይችላል ወይ? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሳባቲያ ፍጥነቱ ሲወርድ አዲስ ኳስ ተምሮ እስከ 2019 ድረስ ጠቃሚ ሆኖ ቆይቷል፤ በ2025ም የታላላቅ ተጫዋቾች ስም ወደሚሰፍርበት የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገብቷል። በፍጥነት ብቻ የሚኖር ወርዋሪ ፍጥነቱን ሲያጣ የሚቀረው ውሉ ብቻ ነው።

ቀጣዩ ትልቅ ፈተና ታሪክ ስኩባል የተባለው የዲትሮይት ወርዋሪ ነው። በ2024 እና በ2025 የአሜሪካን ሊግን የሳይ ያንግ ሽልማት አከታትሎ ወስዷል፤ ከ2026 የውድድር ዘመን በኋላ ነጻ የመሆን መብት ያገኛል፤ በዚያው ኖቬምበር 30 ዓመት ይሞላዋል። ክርኑ በኮሌጅ ዘመኑ ተቀይሯል፣ ክንዱ በ2022 እንደገና ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በተጨዋቾችና በባለቤቶች መካከል ያለው የጋራ ስምምነትም በዲሴምበር 1 ቀን 2026 ስለሚያበቃ የግብሩ ሕግ ሊቀየር ይችላል። ውሳኔው የእኔ ቢሆን፣ ዋንጫ ሊያነሳ የደረሰ ሀብታም ክለብ 7 ዓመት ይስጠው፣ ከሦስተኛው ዓመት በኋላም የመውጫ መብት ይጨምርለት፤ በሩን ከፍቶ ሊሄድ ሲል ደግሞ መልካም መንገድ ይበለው። ከዚያ ውጪ ላለ ክለብ ከ5 ዓመት በላይ አልፈርምም፤ በዓመት 45 ሚሊዮን መክፈል ቢያስፈልግ እንኳ።